ድምፅን የመጠበቅ ሥራ በጉራጌ ከተሞች

የጉራጌ ልሳናት፣ ከቸሃና ከእነሞር አንሥቶ እስከ ክስታኔና መስቃን ድረስ፣ ለብዙ ዘመን ከጽሕፈት ርቀው የኖሩ በመሆናቸው፣ የጆካ ሸንጎ ፍርድም ሆነ የአዳብና ዘፈን፣ የሽማግሌ ምርቃትም ሆነ የእናቶች እንጉርጉሮ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈው ልብ ወለድ በቮልፍ ሌስላው ትርጉም በእንግሊዝኛ የታተመው በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የሌስላው ባለ ሦስት ቅጽ የጉራጌ መዝገበ ቃላት የወጣው ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በዚህ ምድር የአንድ አዛውንት ቃል በመቅረጫ ያስቀረ ሰው፣ በሌላው አገር ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ የሠራውን ሥራ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ዳግማዊ ምኒልክና ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የድምፅ መልእክት ከተለዋወጡበት ዘመን ጀምሮ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹበትን ጊዜ አልፎ፣ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ግድም የራሱን የሸክላ ሥራ እስካቆመ ድረስ፣ ቀረጻ የነገሥታትና የመናገሻይቱ ከተማ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ነገሩን ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ያወረደው በ1963 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስ በበርሊን ለሕዝብ ያሳየው ካሴት ነው። በመርካቶ የሚነግደው ጉራጌ ለመስቀል ወደ ቀዬው ሲገባ ቴፕ ይዞ መምጣት በጀመረ ጊዜ፣ የሠርግ ዘፈን፣ መንዙማና መዝሙር የሚቀርጸውም የሚያባዛውም ራሱ ባለቤቱ ሆነ።

ካሴትን አገላብጦ ያየ ሰው፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ ሁለት ጥቃቅን የፕላስቲክ ምላሶች እንዳሉ ያስታውሳል። አንዱ ለአንደኛው ገጽ፣ ሌላው ለሁለተኛው ዘብ የቆመ ነው፤ ምላሱ ተሰብሮ ከወጣ የመቅጃው ቁልፍ አልጫን ይላል፣ ስለዚህም በውስጡ ያለው ድምፅ በስሕተት አይደመሰስም። ነገር ግን የቀዳዳውን አፍ በቁራጭ ፕላስተር የሸፈነ ሁሉ ይህን ዘብ ድል ይነሣው ነበር፤ አዲስ የወጣ ዘፈን ለመቅዳት ሲባል የአያት ቃል የተደመሰሰው በዚሁ ዘዴ ነው። ሲባዛም እያንዳንዱ ቅጂ በእናቱ ላይ የነበረውን ሹክሹክታ ተቀብሎ የራሱን ይጨምርበታል። የብራና ጸሐፊ ግድፈቱን በምላጭ ፍቆ በስፍራው ሌላ ሲጽፍ የተፋቀው እንደማይመለስ ሁሉ፣ በካሴትም ላይ እርማትና ጥፋት በአንድ እጅ ይሠሩ ነበር።

ይህን የለወጠው፣ ዛሬ በየኮምፒውተር ቤቱ የሚገኘው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ በአሜሪካ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትና በግንቦት 1992 ዓ.ም. ያለ ዋጋ ለሕዝብ የተለቀቀው ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም ነው። ባለሙያው አንድ የድምፅ ፋይል ከፍቶ ሲቆርጥ፣ ሲቀጥልና ሲያጠራ፣ የሚቆረጠው የሥራው ቅጂ እንጂ ቀዳሚው ፋይል አይደለም፤ አዲሱም የሚወለደው ኤክስፖርት ሲደረግ ነው። አደጋው የሚገባው በዚህ ጊዜ የቀዳሚውን ስም በአዲሱ ላይ ደግሞ በሰጠ ሰው እጅ ነው፤ ፕሮግራሙ ቢጠይቀውም፣ በችኮላ «እሺ» ያለ ሰው በፕላስተር ቀዳዳ ከሸፈነው ሰው አይሻልም።

በቀድሞዎቹ እትሞች ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነበረ፦ የሥራው መዝገብ ትንሽ ፋይል ሲሆን፣ ድምፁ ግን በአጠገቡ ባለ ፎልደር ውስጥ በብዙ ስብርባሪ ተበታትኖ ይቀመጥ ስለነበር፣ ትንሹን ብቻ በፍላሽ ይዞ የሄደ ሰው የሚከፍተው ባዶ መዝገብ ሆነ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የወጣው 3.0 እትም ሁሉን በአንድ ፋይል ሰብስቦ ይህን አስቀርቷል።

የጩኸት ማጥሪያውም፣ ተናጋሪው ዝም ካለበት ቦታ የሹክሹክታውን ናሙና ወስዶ ከመላው ቀረጻ ላይ ስለሚቀንስ፣ በልክ ሲሆን ይረዳል፤ ሲበዛ ግን የአዛውንቱ ድምፅ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። በእኔ አስተያየት፣ ጥቂት ጩኸት ያለበት እውነተኛ ድምፅ ከታጠበው ይበልጣል፤ ነገ የቋንቋ ሊቅ የሚፈልገው የክስታኔው ተናጋሪ የቃል አወጣጥ ከጩኸቱ ጋር አብሮ ታጥቦ ሊሄድ ይችላልና።

እንግዲህ በቤቱ ካሴት ያለው የወልቂጤም የቡታጅራም ሰው፣ ካሴቱን ለባለሙያ ሲሰጥ አስቀድሞ ምንም ሳይነካ ዌቭ በተባለው የፋይል ዓይነት እንዲገለበጥለት ይጠይቅ፤ የአንድ ሰዓት ካሴት በሲዲ ጥራት 600 ሜጋባይት ያህል ቢፈጅ ነው፣ ይህም ዛሬ ብዙ አይደለም። ለስልክ የሚሆነው ኤምፒ ስሪ ከዚያ ቅጂ ይውጣ፤ ካሴቱም አይጣል።