የኪራይ ቤት ሻጋታና መላው

እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክረምቷ ብርድም ዝናብም ያበዛል። እዚሁ በጭቃ ቤት ተከራይቼ ስኖር እንደተረዳሁት፣ ሻጋታን በበረኪና መጥረግ ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ የእርጥበቱን ምንጭ መለየት ያስፈልጋል።

እርጥበቱ ከግድግዳው ግርጌ ከጀመረ፣ ውኃው የሚመጣው ከመሬት ወይም ከጣሪያ ፍሳሽ ነው። መፍትሔው አሸንዳና የውኃ መውረጃ ቦይ ስለሆነ ከአከራይ ጋር መነጋገር ግድ ይላል። ሻጋታው በኮርኒስ ጥግና ከቁም ሣጥን ጀርባ ከታየ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ መንስዔው የራሳችን ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ነው። ዕቃን ከግድግዳ ማራቅ፣ ምግብ ሲበስልና ፀሐይ ስትወጣ መስኮት መክፈት ይበጃል።

በአዊ የዲከረንስ ከሰል ቢገኝም፣ ቤት ይድረቅ ብሎ በር ዘግቶ ማቀጣጠል ፈጽሞ አይገባም። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።