የፍቅር ፊልም ውስጥ የእኛ ድምፅ የት አለ?

እህቶቼ፣ የእረፍት ቀን ስትገኝ ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ የምንከፍተው የፍቅር ፊልም ነው። እኔም እንደዛው ነኝ። ግን ከጊዜ ወዲህ ፊልም ሳይ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም፦ ታሪኩ የሚነገረው በማን በኩል ነው?

እ.ኤ.አ. በ2015 ሄርሞን ኃይላይ የምትባል ኢትዮጵያዊት አዘጋጅ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» የተባለውን የአማርኛ ፊልም ሠራች። ቴዲ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ፍሬ ሴተኛ አዳሪ ናት፤ የቀድሞ ጓደኛዋ ደግሞ ወደ ዓረብ አገር ሊልካት ይፈልጋል። ቴዲ በመሀል ሲገባ ታክሲው ይሰረቃል፣ ከዚያ ፍቅር ይመጣል። የቴዲ እናትም የፍሬን ኑሮ ኖራ የሞተች ናት። ስለዚህ ፍሬ የምትታዘንላት ብቻ ሳትሆን የምትወደድ ሰው ሆና ቀርባለች፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ተራኪው ዓይን የሹፌሩ ነው። የጠፋው ታክሲ የሱ፣ የእናት ቁስሉም የሱ። ፍሬን የምናያት በሱ መስታወት ነው። ዓረብ አገር ደግሞ ከሩቅ የሚያስፈራ ስም ነው።

የምንኖርባት ሪያድም የራሷ ታሪክ አላት። ሀይፋ አል መንሱር «ወጅዳ»ን እዚሁ ስትቀርጽ፣ ሴት ከወንዶች ጋር አደባባይ ቆማ መሥራት ስለሚያስቸግራት፣ አንዳንዱን ሰፈር ቫን መኪና ውስጥ ተቀምጣ በመገናኛ ሬዲዮ ነበር የመራችው። ፊቷ ተሸፍኖ ድምፅዋ ግን ሥራውን ሠራ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ሪያድ ውስጥ የሚያሳየው ሲኒማ ቤት አልነበረም። ሲኒማ ቤት የተከፈተው ሚያዝያ 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆይቶ።

እዛ ፊልም ውስጥም ድምፁን ልብ በሉ። ልጅቷ ቤት ውስጥ ዘፈን በካሴት ትቀዳለች፤ ብስክሌት ለመግዛት ደግሞ ቁርዓን በመቅራት ትወዳደራለች። እናቷ ባሏ ሁለተኛ ሚስት እንዳያገባባት ትጨነቃለች። ፍቅሩ ያለው እዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው እንጂ በመተቃቀፍ አይደለም።

እኛም በድምፅ የምንኖር ነን። ድሮ ከዚህ አገር ለቤተሰብ የሚላከው በካሴት የተቀዳ ደብዳቤ ነበር፤ ዛሬ የስልክ የድምፅ መልእክት ነው። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ስንል ከኋላ የሚሰማው የውኃ ቧንቧ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ «ነይ!» የሚል ጥሪ እውነቱን ያወጣዋል። እማማ ደግሞ ከቃሉ ይልቅ ያንን ነው የምትሰማው።

ታዲያ እነዚህን ድምፆች አታጥፏቸው። የማንንም ቤትና ፊት መቅረጽ አያስፈልግም፤ እሱ ችግር ያመጣል። የራሳችሁ ድምፅ ይበቃል። አንድ ቀን ስለኛ ፊልም የሚሠራ ሰው ሲመጣ፣ በሹፌሩ መስታወት ሳይሆን በእኛው አፍ ይጀምር።