የትምህርት ቤታችን ሥርና የከፈለው ሰው

ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ወሬው የሚጀመረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ካስከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። እኛ ግን ከዚያ በፊት ያለውን መዝለል አይገባም እንላለን። ንባብ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ በሙስሊሙም ዘንድ የቁርዓን ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ድጓ ሊማር ወደ ቤተልሔም ሲወርድ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ከየደጃፉ ቁራሽ እየለመነ፥ ከውሻም ጋራ እየታገለ ነበር። የመገበው መንደርተኛው ነው። ስለዚህ የአገራችንን ትምህርት አስቀድማ የተሸከመች የባላገሯ እናት ናት ብንል ከእውነት አንርቅም፤ የገዛ ሴት ልጅዋ ግን በዚያ ጉባኤ ስፍራ የምታገኘው ከስንት አንድ ነበር።

ምኒልክ የፈለጉት ከውጭ መንግሥታት ጋራ የሚያነጋግር ቋንቋ አዋቂ ነበር። ቤተ ክህነት የአውሮፓ መምህራን ሃይማኖት ያፋልሳሉ ብላ ስለ ሠጋች፥ አስተማሪዎቹ ከግብጽ ቅብጦች ወገን እንዲመጡ ተደረገ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። (በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን እንደ መሆናችን፥ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ያሳተሙትን የኦሮምኛ ማንበቢያ ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም።)

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት ትምህርትን ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሊያሰፋ ሲነሣ ገንዘብ አስፈለገው። በኅዳር 1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ወጣ፤ ግብሩም የተጣለው በመሬት ላይ ነው። በእኛ አስተያየት የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለ መሬቱ የተጣለበትን ግብር ወደ ጭሰኛው ማሸጋገር ያውቅበት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን በብዛት የሚሠራው በከተማ ነው። ጭሰኛው ልጁ ላልገባበት ክፍል ከፈለ። ቀድሞ ቁራሹን ሲሰጥ ተማሪውን በዓይኑ ያየው ነበር፤ አሁን ግን ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ እንኳ አላየም።

በ1964 ዓ.ም. ይህን ለማስተካከል ጥናት ተደረገ። ጥናቱ ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት ትምህርት እንዲዳረስ ሐሳብ አቀረበ። ለገጠሩ መልካም ይመስል ነበር። ወላጆች ግን የድኻ ልጅ በአራተኛ ክፍል ሊቀር ነው ብለው ተቈጡ፤ መምህራንም ስለ ደመወዛቸው ጭምር ተቃወሙ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራኑ ሥራ አቆሙ። ዕቅዱ ታገደ፤ ሰባት ወር ሳይሞላም ዘውዱ ራሱ ወደቀ።