የበረኛው ታሪክ ለምን አይጻፍም?

ታሪክ የሚማር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። የሆነ ነገር ይጻፋል፤ እንዳይሆን የተደረገ ነገር ግን ሳይጻፍ ይቀራል። ጎተራ ሲቃጠል አገር ያወራል። ዘበኛው ነቅቶ ስላደረ ያልተቃጠለውን ጎተራ ግን ማን ያነሳዋል? ይህንኑ ችግር እኛ በእግር ኳስ ልናየው ፈለግን። «ደግሞ ኳስ ከታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓደኛ ካለ ጥቂት ይታገሰን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን። በዚያ ዕለት ኢትዮጵያና ግብፅ ለ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ተገናኙ። ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች አገር ነበረች። እኛንም በ1949 ካርቱም ላይ 4 ለ 0፣ በ1951 ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0 አሸንፋናለች። የእኛ ቡድን ለፍጻሜው የደረሰው ከአንድ ሳምንት በፊት በቱኒዚያ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 2 በማሸነፍ ነው። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ በረኛው ደግሞ ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበሩ።

የጨዋታው መዝገብ አጭር ነው። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ አገባ። በ74ኛው ኢትዮጵያ አቻ ሆነች። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ። በ84ኛው ሉቻኖ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቻኖ አስረከቡ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ይህን መዝገብ እንደ ታሪክ ተማሪ እናንብበው። ስለ ጊላሚካኤል የሚነግረን ምንድን ነው? በ35ኛውና በ75ኛው ደቂቃ መሸነፉን ብቻ ነው። የአጥቂ ስም የሚጻፈው ሲሳካለት ነው፤ በረኛ ግን ወደ መዝገብ የሚገባው ሳይሳካለት ሲቀር ነው። አንድ ሰው ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር ከታሪክ እየጠፋ የሚሄድበት ሌላ ሙያ ስንት አለ?

ይሁን እንጂ ዝምታም ይነበባል። ከ75ኛው ደቂቃ እስከ 120ኛው ድረስ በኢትዮጵያ ጎል ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ 45 ደቂቃ ሙሉ! በዚያ ጊዜ ውስጥ ግብፅ አንድ ብትጨምር የሉቻኖ ጎል ምን ይጠቅም ነበር? እርግጥ ዝምታው ብቻውን በረኛውን ጀግና አያደርገውም። ኳሱን ተከላካዮች መልሰውት ሊሆን ይችላል፤ ግብፆችም ስተው ሊሆን ይችላል። ዝምታው የሚለን «እዚህ ጋ ጠይቁ» ብቻ ነው።

ቃሉ ራሱ ልብ ሊባል ይገባል። በጽሑፍ «ግብ ጠባቂ» እንላለን፤ ሰፈር ውስጥ ግን «በረኛ» ነው፤ ያው በር ላይ እንደሚቆመው ሰው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሜዳዎች፣ ሁለት ድንጋይ ጎል በሚሆንበት ቦታ፣ በረኛ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ትንሹ ልጅ ወይም ሩጫ የማይሆንለት ነው። ሲገባበት ሁሉም ይጮኽበታል፤ ሲያድን ኳሱን ቶሎ እንዲወረውር ይቸኩሉበታል። የኋላው የታሪክ አጻጻፋችን ከዚህ ሜዳ ላይ ይጀምራል ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

በውጭው ዓለም ስማቸው የቀረ በረኞች የሉም ወይ? አሉ እንጂ። ጀርመናዊው በርት ትራውትማን አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ፓራሹት ወታደር ነበረ፤ በእንግሊዞች ተማርኮ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1949 ማንቸስተር ሲቲ ሲያስፈርመው ብዙ ሺህ ሰው ተቃውሞ ወጣ። በ1956 ግን በዌምብሊ የዋንጫ ፍጻሜ ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ተጋጭቶ ወደቀ። ተቀያሪ አይፈቀድምና ተነስቶ እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ቡድኑም በርሚንግሃምን 3 ለ 1 አሸነፈ። አንገቱ መሰበሩ የታወቀው ከቀናት በኋላ በራጅ ነው። ለሲቲ 545 ጊዜ ተሰልፏል፤ ዓለም የሚያስታውሰው ግን በአንገቱ ነው። ያዳናቸው ኳሶች ብቻቸውን አልበቁም፤ አጥንቱ መሰበር ነበረበት።

እንግዲህ የጊላሚካኤልን 45 ደቂቃ ለማወቅ አጥንት መስበር አያስፈልግም፤ ሰው መጠየቅ ይበቃል። ያን ቀን 15 ዓመት ሆኖት ስታዲየም የገባ ልጅ ዛሬ 80 ሊሞላው ነው። እንዲህ ያሉ አባቶች በየሰፈራችን፣ በጎፋም በመካኒሳም በሳሪስም አይጠፉም። ስንጠይቃቸው ግን «ማን አገባ?» አንበላቸው፤ እሱ ተጽፏል። «ሉቻኖ አቻ ካደረገ በኋላ በእኛ ጎል በኩል ምን ሆነ?» እንበላቸው። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ቢነግረን ሁለቱንም እንጻፍ፤ ማመዛዘኑን ተምረነዋልና። ይህ ክረምት ሳያልፍ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ብንጠይቅ መልካም ነው። ምስክሮቹ እኛን የሚጠብቁበት ብዙ ጊዜ የላቸውም።