የባዶ ቦታ ቢትማፕ

የባዶ ቦታ ቢትማፕ፣ ዳታቤዝ ከፋይሉ ውስጥ የቱ ቦታ እንደተያዘና የቱ ነፃ እንደሆነ በ0 እና በ1 የሚመዘግብበት ካርታ ነው። አንድ ቢት አንድን ቦታ ይወክላል። ቦታው ላይ የተጻፈው የደንበኛ ስም ይሁን የባንክ ሒሳብ ለቢቱ ልዩነት የለውም፤ የሚናገረው ቦታው መያዝ አለመያዙን ብቻ ነው።

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተከራይ ይዞ የመጣ ደላላ ብሎክ በብሎክ እየዞረ በር ቢያንኳኳ ይመሽበታል። ጥበቃው ባዶ ቤቶቹን በአንድ ወረቀት ምልክት አድርጎ ከያዘ ግን ወረቀቱን አይቶ ይመራዋል። ቢትማፕም የዚህን ወረቀት ሥራ ነው የሚሠራው።

የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ፋይሉን 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ይከፍላል። 8 ተከታታይ ገጾች 64 ኪሎባይት ይሆናሉ፤ ኤክስተንት ይባላሉ፤ በእኛ ምሳሌ ገጹ ቤት፣ ኤክስተንቱ ብሎክ ነው። «ጋም» የተባለው ገጽ ለየኤክስተንቱ አንድ ቢት ይመድባል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በጋም 1 ነፃ፣ 0 ደግሞ የተያዘ ማለት ነው። ቢቶቹ 0 0 0 1 1 0 1 1 ቢሆኑና አዲስ ሠንጠረዥ ቦታ ቢጠይቅ፣ አራተኛው ብሎክ ይሰጠዋል፤ ካርታውም 0 0 0 0 1 0 1 1 ይሆናል። አንድ የጋም ገጽ ብቻውን ወደ 4 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ይሸፍናል። ፕሮሰሰር 64 ቢት ባንድ ጊዜ ስለሚያይ፣ ሁሉም 0 የሆነውን ረድፍ ሳይቆም ያልፋል።

አንድ ብሎክ ለብዙ ሠንጠረዦች ተከፋፍሎ ገና ባዶ ቤት ካለው፣ ያንን የሚያሳየው «ኤስጋም» የተባለው ሌላ ቢትማፕ ነው። «ፒኤፍኤስ» ደግሞ ወደ ቤቱ ውስጥ ይገባል፤ ለየገጹ አንድ ባይት ይዞ መያዙን፣ ለአንዳንድ ዓይነት ገጾችም ምን ያህል እንደሞላ ይመዘግባል። አንድ የፒኤፍኤስ ገጽ 8,088 ገጾችን ይሸፍናል።

ኦራክል ወደ ቢትማፕ የተሻገረው በ8አይ እትሙ ነው፤ ከዚያ በፊት ነፃ ቦታን በራሱ የመዝገብ ሠንጠረዦች ይከታተል ስለነበር ቦታ መጠየቅ ራሱ ተጨማሪ ሥራ ይፈጥር ነበር። የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢም በቢትማፕ ይሠራል። ፖስትግሬስኪውኤል ግን ለየገጹ አንድ ባይት የሚይዝ የዛፍ ቅርጽ ያለው ካርታ መርጧል። እንደ እኔ እምነት፣ የቀረውን ቦታ መጠን ለማወቅ ይህ የፖስትግሬስ መንገድ ይበልጥ ያማረ ነው።

ካርታው አንድ መሆኑ ወረፋ ያመጣል። ብዙ ተጠቃሚዎች በቴምፕዲቢ፣ ማለትም በኤስኪውኤል ሰርቨር የጊዜያዊ ሥራ ዳታቤዝ፣ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ሲከፍቱና ሲዘጉ ሁሉም ያንኑ ገጽ ይሻማሉ፤ ሰርቨሩ ዲስክና ፕሮሰሰር እያለው ይንቀረፈፋል። መፍትሔው ፋይሉን ማብዛት ነው፤ ካርታው አብሮ ይበዛል። ከ2016 እትም ጀምሮ የመጫኛ ፕሮግራሙ እንደ ፕሮሰሰሩ ብዛት እስከ 8 ፋይል ያቀርባል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ካርታውና ቤቱ ሲለያዩ ነው። የተያዘው ቦታ ነፃ ተብሎ ከተጻፈ አንድ ቤት ለሁለት ሰው ይሰጣል። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በአይሲቲ ፓርክ ያሉት እንደ ራክሲዮ ያሉ የዳታ ማዕከሎች ጄኔሬተርና ባትሪ አላቸው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ሱቅ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ኮምፒውተር ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እዚያ የሚደርስለት ለውጦችን ቀድሞ የሚመዘግበው ሎግ ነው። ለውጡ መጀመሪያ በሎግ ፋይል ሳይጻፍ የተለወጠው ገጽ፣ የቢትማፑም ቢሆን፣ ዲስክ ላይ አያርፍም፤ መብራት ሲመለስ ሎጉ ይነበብና የጸናው ይደገማል፣ ያልጸናው ይሻራል።

ዲስኩ ራሱ ሲበላሽ ግን ሎጉ ብቻውን አያድንም። በኤስኪውኤል ሰርቨር ካርታውን ከቤቶቹ ጋር የሚያመሳክረው «ዲቢሲሲ ቼክዲቢ» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ የፒኤፍኤስ ገጽ ራስጌ ተበላሽቶ ካገኘው ሊጠግነው አይችልም፤ የሚቀረው ባክአፕ መመለስ ነው።