የራስን ጉድ የሚያሳይ ፊልም

ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ ለእሑድ አቆዩት።

ባለፈው ሳምንት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳስተምር አንድ የፈረንሳይ ዘጋቢ ፊልም አሳየኋቸው። «ሌሊትና ጉም» ይባላል። አለን ሬኔ የሚባል ዳይሬክተር የናዚ ማጎሪያዎች ነፃ የወጡበትን 10ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የሠራው ነው፤ ሕዝብ ያየው በፈረንጆቹ 1956 ነው። ርዝመቱ 32 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ጋ ግን መብራት ሁለት ጊዜ ስለሄደ ሁለት ፔሬድ በላብን።

ፊልሙን ለማታውቁት፦ ካሜራው በአውሽቪትዝ ሣር ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ሰማያዊ፣ ሰው የለም። ከዚያ በድንገት ጥቁርና ነጭ ይሆንና ያው ቦታ ከዓመታት በፊት ምን እንደነበረ ያሳያችኋል። የትረካውን ጽሑፍ የጻፈው ዣን ኬይሮል ራሱ ከማጎሪያ የተረፈ ሰው ነው። ለዚህም ይመስለኛል ድምፁ የማይጮኸው። መጨረሻው አካባቢ ያሉትን የአስከሬን ምስሎች ልጆቹ ይረበሻሉ ብዬ አሳልፌያቸዋለሁ። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሲያልቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙ የማያወራ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ይሄ ፈረንሳዮች የጀርመንን ጥፋት የቀረጹበት ነው። የራሳቸውንስ ቀርጸዋል?» አለኝ።

እውነቴን ነው፣ ጥያቄው ደስ አለኝም አስደነገጠኝም። መልሱ እዚያው ፊልም ውስጥ ነበርና።

በ«ሌሊትና ጉም» ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ የምትታይ አንዲት ፎቶ አለች። ፒቲቪዬ ትባላለች ቦታዋ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ነች። አይሁዶች ወደ ምሥራቅ በባቡር ከመጫናቸው በፊት የሚታጎሩበት ካምፕ ነበረ። ፎቶው ላይ አንድ ጠባቂ ቆሟል። ጠባቂው ጀርመናዊ አይደለም። በቆቡ ታውቁታላችሁ፦ ኬፒ የሚባለው የፈረንሳይ ዣንዳርም ቆብ ነው። የፊልም ሳንሱሩ ይሄን አየና ይውጣ አለ። ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ፎቶው ይቅር፣ ቆቡ ግን ይሸፈን ተባለና የጣራ ወራጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ተቀባበት። አስቡት፤ ስለ እነዚያ ሁሉ ሚሊዮን ሙታን በሚናገር ፊልም ውስጥ መንግሥትን ያስጨነቀው አንድ ቆብ ነው! ቆቡ እንደገና እንዲታይ የተደረገው በ1997 ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የዚያኑ ዓመት ደግሞ ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ሊቀርብ ሲል የምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ አቤት ብሎ ከውድድሩ እንዲወጣ ተደረገ። ከውድድር ውጭ ታየ። ስለዚህ በአንድ ፊልም ላይ ሁለት መንግሥታት፣ ሁለቱም በየራሳቸው ጉድ ደነገጡ።

ለልጁ ግን ይሄ ብቻ አይበቃም ብዬ ስለ ሁለተኛው ፊልም ነገርኩት። ማርሴል ኦፉልስ በ1969 የሠራው «ሐዘኑና ርኅራኄው» ነው። ይሄ ከአራት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ክፍል ውስጥ አይታሰብም፤ እኔም በሦስት ሌሊት ነው የጨረስኩት። ኦፉልስ ክሌርሞን ፌራን ወደምትባል ከተማ ሄዶ ሰው ማናገር ብቻ ነው የሠራው። ገበሬውን፣ ባለሱቁን፣ መኮንኑን፣ ባለሥልጣኑን፣ የጀርመን ወታደር የነበረውን ሳይቀር ቁጭ አድርጎ «ያኔ ምን ትሠራ ነበር?» ይላል። ጠቅላላው ይኸው ነው።

ፈረንሳይ ከጦርነቱ በኋላ ለራሷ የነገረችው ታሪክ ሕዝቡ ሁሉ ጀርመንን ሲታገል ነበር የሚል ነው። ፊልሙ ይሄን ንዶታል። አይሁዳዊ አለመሆኑን ሰው እንዲያውቅለት ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያወጣ ነጋዴ ታያላችሁ። ጎረቤት ጠቁሞበት ቡኸንቫልድ ማጎሪያ የተላከ ገበሬም አለ፤ ከማጎሪያው ተርፎ ተመልሷል፣ የጠቆመውንም ሰው ያውቀዋል፣ አንድ ነገር ግን አላደረገውም። እኔ እዚያ ጋ ፊልሙን አቁሜ ውጭ ወጥቼ ነበር። የኛም ሰፈር እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉበት አይደል? በቀይ ሽብር ማን ማንን እንደጠቆመ እያወቁ እድር ላይ አብረው የሚቀመጡ።

ፊልሙ የተሠራው ለቴሌቪዥን ነበር። የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ግን አላሳየውም። ጀርመኖች አዩት። በ1971 ፓሪስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ታየና ሰው ተሰልፎ ገባ። በቴሌቪዥን የመጣው በ1981 ነው፤ 12 ዓመት ቆይቶ። በሐምሌ 1942 ፓሪስ ውስጥ ወደ 13,000 አይሁዶችን ለቅሞ ያሰረው የፈረንሳይ ፖሊስ መሆኑን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በይፋ ያመነው ደግሞ በ1995 ነው፤ ዣክ ሺራክ። ያ ቆብ የተገለጠው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

እስከዚህ ድረስ ልጆቹ በፈረንጅ ጉድ እየተደሰቱ ነበር። እኔም።

ሦስተኛው ፊልም እኛን ይነካል። በኅዳር 1989 ቢቢሲ በሁለት ክፍል ያስተላለፈው፣ ኬን ከርቢ ያዘጋጀው «የፋሺስት ውርስ» ነው። የመጀመሪያው ክፍል ኢጣሊያ በሊቢያ፣ በኢትዮጵያና በዩጎዝላቪያ የሠራችውን ያወጣል። የመርዝ ጋዙ፣ የየካቲት 12ቱ እልቂት አለበት። እኛ ይሄን ከአያቶቻችን ሰምተናል፣ አዲስ አይደለም። እኔን ያስደነቀኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። ጥያቄው፦ እነዚህ ሰዎች ለምን አልተከሰሱም? ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ የአሥር ሰዎችን ስም በጦር ወንጀለኝነት ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን አቅርባ ነበር፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ከፊት አሉ። አንዱም በኢትዮጵያ ለሠራው አልተዳኘም። ግራዚያኒ አገሩ ውስጥ 19 ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ ያውም ከጀርመን ጋር በመተባበሩ እንጂ በኛ አይደለም፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ተፈታ። ፊልሙ እንግሊዝና አሜሪካ ባዶሊዮን የመሰሉ ሰዎች ስለሚያስፈልጓቸው ፋይሉን እንደከደኑት ያሳያል። ይሄን የሠራው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው፤ የራሱን አገር እጅ አልሸፈነም። ለቢቢሲ ይቺን ክብር እሰጣለሁ።

ታዲያ በለንደን የኢጣሊያ አምባሳደር ተቃውሞ አቀረበ። የኢጣሊያው መንግሥታዊ ቴሌቪዥን ራይ ደግሞ ምን አደረገ መሰላችሁ? ፊልሙን ገዛው። አዎ፣ ከፍሎ ገዛው፣ ወደ ጣሊያንኛም አስመለሰው፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሕዝብ በሰፊው ቅንጫቢውን ያየው በ2004 ላ 7 በሚባል የግል ጣቢያ ነው። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር ኢትዮጵያ ላይ ጋዝ መጣላችንን እናምናለን ያለው በ1996 ነው፤ ጋዙ ከወረደ 60 ዓመት በኋላ። በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀ። ሳያዩ የቀሩት ፊልም ብዙ ነገር ያስረዳል።

(ለፍትሕ ያህል፦ በ2016 ቲቪ 2000 የተባለው የኢጣሊያ ጳጳሳት ጉባኤ ጣቢያ የደብረ ሊባኖስን ጭፍጨፋ ራሱ ሠርቶ አሳይቷል። የሚቀርጹም አሉ ማለት ነው።)

ክፍሉ ሞቀ። «ጣሊያኖች ሌባ!» የሚል ሁሉ ነበር። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ግን አልሳቀም። እንደገና እጁን አወጣ። «የኛስ ቲቸር?»

ደወል ተደወለ። ዳንኩ አልኩ። ግን ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ስለዚህ ያልመለስኩትን እዚህ ልጻፈው።

የኛማ አለ። የቀረጸው ግን ፈረንጅ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ዘገባ ታየ። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ነው። ወሎ ውስጥ በየመጠለያው የተኮለኮሉትን ሰዎች አሳየ። እንግሊዞች አልቅሰው ገንዘብ አዋጡ። ረሃቡ ግን «ያልታወቀ» የሆነው ለእንግሊዞች እንጂ እኛ ጋ ይታወቅ ነበር። ያኔ ከወራት በፊት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶ አንስተው ግቢያቸው ውስጥ ለጥፈዋል፣ ተማሪውም ሰልፍ ወጥቷል። መንግሥት ነው ዝም ያለው። የንጉሠ ነገሥቱን ስም ያጠፋል ተብሎ።

ከዚያ ደርግ መጣ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ የእንቁጣጣሽ ማታ፣ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። እንዳለ ግን አልነበረም። ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ ነው። የተራበ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብዣ። አጥንቱ የወጣ ሽማግሌ፤ ቀጥሎ ሥጋ የሚጎርሱ የጃንሆይ ውሾች። ዲምብልቢ የቀረጸውና ሌላ ሰው በሌላ ቀን የቀረጸው አንድ ላይ ተሰፍተው አዲስ ፊልም ሆኑ። ንጉሡም ራሳቸው እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግሥቱ መስከረም 2 በቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ።

ሰው ይሄን ሲያወራ «ፊልሙ ውሸት ነበር» ይላል አንዳንዱ። ውሸት አይደለም። ረሃቡም እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው። መቀሱ ነው ጥያቄው። እኔ የአስከሬኑን ቦታ ሳሳልፍ የያዝኩት ያንኑ መቀስ ነው፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። የኔ ለልጆቹ ብዬ ነው። ግን ሁሉም ቆራጭ ለአንድ ነገር ብሎ ነው የሚቆርጠው።

ደርግ የወደቀውን መንግሥት ጉድ አሳየ። አሥር ዓመት ቆይቶ መስከረም 1977 ረሃቡ ራሱ ደርግ ላይ ተመለሰ። ያኔ አዲስ አበባ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ቀይ ጨርቅ ስታሰቅል፣ ወሎና ትግራይ ሰው ይረግፍ ነበር። የእንቁጣጣሽ ማታ ፊልም አልተለቀቀም። ዓለም የኮረምን መጠለያ ያየው በጥቅምት ወር ነው፤ በቢቢሲ ዜና፣ ማይክል ቢዩርክ እያወራ፣ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን እየቀረጸ። አሁንም ካሜራው የውጭ ሰው ነው።

የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። እናቴ ወሎዬ ናት። በዚያ በ66ቱ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ደሴ ዳር በነበረው መጠለያ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወራት ተቀምጣለች። ወንድሟ አልወጣም። ይሄን ያህል ብቻ ነው የነገረችን፣ እኛም ጠይቀናት አናውቅም። የዲምብልቢን ፊልም ቅንጫቢ ስልኬ ላይ ካገኘሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ለሷ ማሳየት ግን ፈርቼ ነበር። የልጁ ጥያቄ ነው ያስደፈረኝ። ባለፈው እሑድ ቡና ከጠጣን በኋላ «እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ካልፈለግሽ አጠፋዋለሁ» አልኳት።

መነጽሯን አምጣ አለች። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። አላለቀሰችም። ሰው በታየ ቁጥር ጣቷን ስክሪኑ ላይ ታስቀምጥና ምስሉን ታቆመዋለች፤ ትንሽ ታየዋለች፣ ትለቀዋለች። የስድስት ደቂቃውን ቅንጫቢ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ምን እየፈለገች እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሲያልቅ፦

«አንተ፣ ይሄ ፈረንጅ ስማቸውን ጠይቋቸዋል?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ እማዬ። እዚህ ላይ የሚሰማው የሱ ድምፅ ብቻ ነው።»

«የቀረውስ? ይቺን ብቻ ነው እንዴ ያነሳው?»

ይሄ ቅንጫቢ መሆኑን፣ ሙሉው ከዚህ እንደሚረዝም ነገርኳት። ደርግ ቆርጦ የቀጠለው ሌላ እንዳለም ጨመርኩ። ስልኩን መለሰችልኝና «እንግዲያው ሙሉውን ፈልግልኝ። የተቆረጠውንም፣ ያልተቆረጠውንም» አለች።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የእንግሊዙን ሙሉ ፊልም ወይም የእንቁጣጣሹን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቅጂ ያላችሁ፣ ወይም የት እንዳለ የምታውቁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በካሴት ቢሆንም ችግር የለውም፣ ማጫወቻ እፈልጋለሁ። ለዚያ ከኋላ ለሚቀመጠው ልጅም ሰኞ የምይዝለት ነገር ያስፈልገኛል።