ወንዶቹ እንዴት አስገቧት?

የገና ሰሞን ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት። ከመካከላችን የአንዷ የእናቷ ዘመዶች አንኮበር ስለሚኖሩ “በዓሉን እዚያ እንዋል” ተባለና ተሳፈርን። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ ብርዱ ምን ብለን እንንገራችሁ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ጠዋት ጠዋት ሰው ሻይ የሚያዘው ለመጠጣት ብቻ አይደለም፤ ብርጭቆውን አቅፎ እጁን ለማሞቅም ነው።

ጠባሴ አካባቢ እጃችንን ልናሞቅ አንድ ካፌ ገባን። ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ያሳያል። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከአስተናጋጇና ከእኛ በስተቀር ሴት የለም። ስለ አርሴናል የተከላካይ መስመር የሰማነው ትንታኔ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። እኛም አልቦዘንንም፤ ገብተን ተከራከርን።

ነገሩ የመጣው በማግስቱ አንኮበር ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ እየተንሸራሸርን ሳለ ተዳፋት ላይ ያለች አንዲት ጠፍጣፋ ቦታ አገኘን። ወንዶች ልጆች በካልሲ ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ ገደል እንዳትገባ አንዱ ዘብ ቆሟል። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ አለች፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀሚሷን ሱሪዋ ውስጥ ከታ ትሮጣለች። ሁለት አግብታ ስታበቃ ከላይ ሴትየዋ ተጣሩ፤ ቢጫ ጀሪካኗን አንስታ ልትሄድ ስትል ያዝናት።

“ማንን መሆን ነው የምትፈልጊው?”

“ሜሲን።”

“ሎዛ አበራን ታውቂያታለሽ?”

“ማን ናት?”

“የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ ናት። እሷም እንዳንቺ ልጅ ሆና ከወንዶች ጋር ነበር የምትጫወተው።”

ትንሽ አሰበችና “ወንዶቹ እንዴት አስገቧት?” አለችን።

እኛ የጋዜጠኝነት ምሩቃን ዝም አልን። ስለ ሜሲ ብትጠይቀን ኖሮ እስከ አያቱ ድረስ እንነግራት ነበር። እሷም ጀሪካኗን ይዛ ሄደች። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜዳው የማን ነበር?

ለበዓሉ አንኮበር ስለነበርን ከገና ጨዋታ እንጀምር። ጨዋታውን ታውቁታላችሁ። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና አንዲት ሩር ተይዞ ወንዱ ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ሜዳ ይወርዳል። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ሎሌ ጌታውን ቢመታ ቂም የለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሴቶቹስ? ሴቶቹ ዳር ቆመው እልል ይሉ ነበር። ጌታና ሎሌ ለአንድ ቀን እኩል በሆኑበት ሜዳ ላይ ወንድና ሴት ለአንድ ሰዓት እንኳ እኩል አልሆኑም።

“ኋላ ቀር ስለሆንን ነው” ለማለት የቸኮላችሁ ግን ትንሽ ቆዩ። የእግር ኳስ እናት የምትባለው እንግሊዝ ምን እንዳደረገች ስሙ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1920 ሊቨርፑል ከተማ በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ ዲክ ከር የተባለው የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ቡድን ሲጫወት 53,000 ያህል ተመልካች ገብቶ ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር “ጨዋታው ለሴት አይገባም” ብሎ ሴቶችን ከአባል ክለቦቹ ሜዳ አባረረ። እገዳው ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ። የኳስ አገር የምንላት ብራዚልም ብትሆን ከ1941 እስከ 1979 ድረስ ሴቶች ኳስ እንዳይጫወቱ በሕግ ከልክላ ነበር። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ቱርክ አለች። የሴቶች ሊጓ በ1993 ተጀምሮ በ2003 ተቋረጠና በ2006 እንደገና ተጀመረ። በ2003 የ22 ዓመት አጥቂ የነበረች ቱርካዊት ሊጉ ሲመለስ 25 ሆኗታል። ለአጥቂ ሦስት ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛ አገር ከእነዚህ የሚለየው ከልካይ ሕግ ስላላስፈለገን ነው። ጀሪካኑ በቂ ነበር። ወንዱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ሜዳ ይሄዳል፤ እሷ ደብተሯን አስቀምጣ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ማንም “አትጫወቺ” አላላትም። ሰዓት ብቻ አልሰጣትም።

31 ዓመት ጠበቅን ስንል

የ2013ቱን የአፍሪካ ዋንጫ የምታስታውሱ “31 ዓመት ጠበቅን” የሚለውን አባባል አትረሱትም። ከ1982 በኋላ ዋልያዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውድድሩ ተመለሱ፤ አገሩ በደስታ ሰከረ። እኛም ያኔ ልጆች ብንሆንም ፊታችንን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብተን ጮኸናል።

ይህ ግን የወንዶቹ 31 ዓመት ነው። በእነዚያው ዓመታት ውስጥ የሴቶቹ ቡድን፣ ሉሲ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጊዜ አልፏል፦ በ2002፣ በ2004 እና በ2012። በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ አራተኛ ወጥቷል። ከአፍሪካ አራተኛ! “31 ዓመት ጠበቅን” ስንል ታዲያ እነዚህን ሴቶች የት አስቀምጠናቸው ነበር?

ጉዱ በዚህ አያበቃም። የሉሲ ቡድን ለዓለም ዋንጫ አልፎ አያውቅም፤ ፊሽካችን ግን አልፏል። በሙያዋ ፋርማሲስት የሆነችው ዳኛችን ሊዲያ ታፈሰ በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ደግሞ ፈረንሳይ ለተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ተመርጣለች። በ2021ም ከ20 ዓመት በታች ሴቶቻችን ኡጋንዳ ሄደው የሴካፋን ዋንጫ አንስተው ተመልሰዋል።

ከዱራሜ የተነሳች

ሎዛ አበራ በ1997 ከምባታ ውስጥ በምትገኘው ዱራሜ ከተማ ተወለደች። ኳስን የጀመረችው በልጅነቷ ከሰፈር ወንዶች ጋር ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች ለሐዋሳ ከተማ መጫወት ጀመረች፤ ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ መጥታ ደደቢትን ተቀላቀለች። ከእሷ በፊት እነ ረሂማ ዘርጋውና ሽታዬ ሲሳይ የሉሲን የፊት መስመር ይዘው ነበር። ሎዛ ባዶ ሜዳ ላይ አልበቀለችም፤ ከፊቷ የሮጡ እህቶች ነበሯት። ደደቢት በሴቶቹ ሊግ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደራርብ ሎዛ በተደጋጋሚ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች።

ከዚያ መንገዱ ከአገር ውጭ ወጣ። መጀመሪያ ስዊድን፣ ኩንግስባካ ወደተባለ ክለብ ሄደች። በ2019 ደግሞ ማልታ ለሚገኘው ቢርኪርካራ ፈረመች። ማልታ ላይ ያደረገችውን በቁጥር እንናገረው፦ በአንድ የውድድር ዘመን 30 ግብ አስቆጥራ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። ቡድኗ 17 ለ 0 ባሸነፈበት አንድ ጨዋታ ሰባቱን ያገባችው እሷ ናት። “የማልታ ሊግ ደካማ ነው” የሚል አይጠፋም። ይሁን። ግን ከዱራሜ ተነስቶ በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ በአንድ ጨዋታ ሰባት ግብ ያስቆጠረ ወንድ ቢኖረን ኖሮ መንገድ በስሙ እንሰይምለት ነበር።

የ2020 ኮቪድ የዓለምን ሜዳዎች ሲዘጋ ሎዛ ወደ አገሯ ተመልሳ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መጫወት ጀመረች። እዚህ ጋ የታሪኳ ልብ የሚነካው ክፍል ይመጣል። በ2021 የሴቶች የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ የምሥራቅ አፍሪካ ማጣሪያው ናይሮቢ ላይ ተደረገ። ሎዛ የማጣሪያው ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች፤ ንግድ ባንክ ግን በፍጻሜው በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2023 ክለቡ እንደገና ለፍጻሜ ደርሶ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተረታ።

በ2024 ክረምት ሎዛ ዋሽንግተን ለሚገኘው ዲሲ ፓወር ፈረመችና አሜሪካ ሄደች። በዚያው ክረምት ማጣሪያው አዲስ አበባ ላይ፣ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ተካሄደ። ንግድ ባንክ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አለፈ። ሎዛ ስትገፋው የኖረችው በር የተከፈተው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ስታዲየሙ የተሰየመለት አበበ ቢቂላ ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደ የገጠር ልጅ እንደነበርም እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።

በሩ ክፍት ሆኖ መገኘቱ

አሁን የአንኮበሯን ልጅ ጥያቄ እንመልስ። ወንዶቹ እንዴት አስገቧት?

አጭሩ መልስ “ጎበዝ ስለነበረች” ነው። ይህ መልስ ግን ግማሽ ነው፤ አንቺም ሁለት አግብተሻል። ሌላው ግማሽ መልስ ይህ ነው፦ ሎዛ ከሰፈር ሜዳ ስትወጣ ሐዋሳ ላይ የሚቀበላት የሴቶች ቡድን ነበር። ከሐዋሳ ስትነሳ ደደቢት ነበር። ከማልታ ስትመለስ ንግድ ባንክ ነበር። አንዱ በር ሲያልቅ ሌላው ክፍት ሆኖ ጠብቋታል።

እነዚህ በሮች ደግሞ በራሳቸው ክፍት ሆነው አይቆዩም። ያ ሁሉ ዋንጫ የነበረው ደደቢት ዛሬ በሴቶቹ ሊግ የለም። በአንጻሩ ንግድ ባንክን እዩት። የወንዶች ቡድኑ በ2017 ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ፈረሰ፤ የሴቶቹ ቡድን ግን ቀጠለ። ሎዛ የተመለሰችው ወደዚያ ሳይፈርስ ወደቆየው ቡድን ነው። ኋላ ወንዶቹም እንደገና ተቋቁመው በ2024 የሊጉን ዋንጫ አነሱ፤ እሰየው! ግን ያን ጊዜ በጀት ለመቆጠብ ተብሎ የሴቶቹም ቡድን አብሮ ቢፈርስ ኖሮ የናይሮቢው ፍጻሜም፣ የአዲስ አበባው ድልም አይኖሩም ነበር። የአንዲት አጥቂ ታሪክ በእግሯ ብቻ አይጻፍም፤ አንድ ቢሮ ውስጥ በሚፈረም ወረቀትም ይጻፋል።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ያን ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ስለ አርሴናል ተከላካዮች ስንከራከር የሴቶች ሊጋችን ትዝ ያለው አልነበረም። ጋዜጠኛ ነን እንላለን፤ ወንዶቹ ሲጫወቱ ማስታወሻ ደብተር ይዘን እንሮጣለን፤ ሴቶቹ ሲጫወቱ ውጤቱን በስልክ ጠይቀን ሁለት መስመር እንጽፋለን። ከዚያ አንዲት ልጅ “ማን ናት?” ስትለን እንገረማለን። ያልጻፍንላትን ከየት ታንብበው?

ከዚያ ወዲህ አንኮበር አልሄድንም። ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገዱም እንደ ልብ አልሆነም፤ በክልሉ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆችም ብዙ ናቸው። ያቺ ልጅ አሁን ሎዛ ለሐዋሳ መጫወት ወደጀመረችበት ዕድሜ እየተጠጋች ነው። ከአንኮበር ተነስታ ደብረ ብርሃን ብትደርስ የሚቀበላት የሴት ልጆች ቡድን ታገኝ ይሆን? ትልቅ ስታዲየም አይደለም የምንለው። አንድ ሜዳ፣ ታኬታና ኳስ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ አሠልጣኝ፣ ጀሪካኑንም በእነዚያ ቀናት የሚቀዳ ወንድም።

እህታችን፣ ያን ቀን መልስ ስላልሰጠንሽ ይቅርታ። ወንዶቹ ሎዛን ያስገቧት ኳስ ስለምትችል ነው። ከወንዶቹ በኋላ ግን የሚያስገቡሽ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ እነሱን መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።

ቸር ያሰማን።